ስንት ከዚህ፣ ስንት ከዚያ?

(የዝግጅቱ መለያ ሙዚቃ ይሰማል፤ ቀስ እያለ ይወርዳል።)

አቅራቢ፦ ሳምንታዊው የሒሳብ ዝግጅታችን ጀምሯል። ተማሪዎች፣ ደብተርና እርሳስ ያዙ። ወላጆችም ከሬዲዮው አትራቁ፤ የዛሬው ነገር ከልጆቹ ይልቅ ለእናንተ ሳይቀርብ አይቀርም። የጤፍ፣ የበረኪናና የወርቅ ጉዳይ ነው።

ርእሳችን የድብልቅ ሒሳብ ነው። ሁለት ነገሮች አሉ። አንዱ ውድ ነው፣ ሌላው ርካሽ። ወይም አንዱ ኃይለኛ ነው፣ ሌላው ለስላሳ። ሁለቱን ደባልቀን በመካከላቸው ያለ ሦስተኛ ነገር ማግኘት እንፈልጋለን። ጥያቄው ሁልጊዜ ያው ነው፤ ስንት ከዚህ፣ ስንት ከዚያ?

ተማሪዎች ይህን ዓይነት ጥያቄ ፈተና ላይ ሲያዩ የሚደነግጡት በቁጥሩ አይደለም። ቁጥሩ ብዙውን ጊዜ ቀላል ነው። የሚያስደነግጣቸው ወሬው ነው፤ አራት መስመር ሙሉ ወሬ፣ ከየት እንደሚጀመር የማይታወቅ። ስለዚህ ዛሬ ወሬውን እናስቀድም።

(የገበያ ድምፅ፤ ጆንያ ሲራገፍ፣ ሚዛን ሲንኳኳ።)

ሸማች፦ እንደምን ዋሉ፣ ጋሼ? ነጩ ጤፍ ዛሬ ስንት ገባ?

ነጋዴ፦ እግዚአብሔር ይመስገን፣ እትዬ። ነጩ ኪሎው 160፣ ቀዩ 120።

ሸማች፦ ኧረ በስመአብ! ባለፈው እንዲህ አልነበረም እኮ።

ነጋዴ፦ ምን ላድርግ ብለው ነው? እኔም የተቀበልኩበት አለ።

ሸማች፦ እንግዲያው ከሁለቱም ደባልቀው 50 ኪሎ ይስጡኝ። የያዝኩት 6800 ብር ነው። ብሩም አይትረፍ፣ እህሉም አይጉደል።

ነጋዴ፦ (እየሳቀ) እሱን እንኳ ልጅዎን ይጠይቁት፤ ይማር የለም እንዴ!

(የገበያው ድምፅ ይወርዳል።)

አቅራቢ፦ ዋጋውን ለስሌት እንዲመች ብለን የቆረጥነው እኛ ነን። እህል በረንዳ ሄዳችሁ «በሬዲዮ 120 ተብሏል» እያላችሁ እንዳትከራከሩብን።

ጥያቄውን ልድገመው። ነጭ ጤፍ ኪሎው 160 ብር። ቀይ ጤፍ ኪሎው 120 ብር። የሚፈለገው በጠቅላላው 50 ኪሎ፤ ያለው ብር 6800። ከነጩ ስንት ኪሎ፣ ከቀዩስ ስንት?

እርሳሱን ገና አታንሱ። መጀመሪያ እንገምት። 50ውም ኪሎ ነጭ ቢሆን ስንት ብር ይወጣ ነበር? (አጭር ዝምታ) 8000። 50ውም ቀይ ቢሆንስ? (አጭር ዝምታ) 6000። እትዬ የያዙት 6800 ነው። ከ6000 በላይ፣ ከ8000 በታች። ስለዚህ ነገሩ ይቻላል ማለት ነው። ደግሞም 6800 ለ8000 ነው የሚቀርበው ወይስ ለ6000? ለ6000። እንግዲያው በጆንያው ውስጥ የሚበዛው ቀዩ ነው። ገና ምንም ሳናሰላ ይህን ያህል አወቅን።

ይህን ግምት ሳይዝ ወደ ስሌት የሚገባ ተማሪ መልሱ ቢበላሽበት የሚነቃበት መንገድ የለውም። «35 ኪሎ ነጭ» ብሎ ጽፎ ደብተሩን ይዘጋል። እናንተ ግን ቀዩ መብዛት እንዳለበት አስቀድማችሁ ስላወቃችሁ 35ን ስታዩ ቆም ትላላችሁ።

አሁን ነጋዴው በጭንቅላቱ እንዴት እንደሚያወጣው እንይ። እንዲህ ይላል፤ «ሁሉንም ቀይ ልስጣቸው። 6000 ብር ሆነ። ከ6800 ላይ 800 ብር ተረፋቸው። አንድ ኪሎ ቀይ አውጥቼ በምትኩ አንድ ኪሎ ነጭ ባስገባ ስንት ይጨምራል? 40 ብር። 800 ብር ውስጥ ስንት 40 አለ? 20። እንግዲያው 20 ኪሎውን በነጭ እተካለሁ።»

አለቀ። 20 ኪሎ ነጭ፣ 30 ኪሎ ቀይ። ነጋዴው ኤክስም አላለ፣ እኩልታም አልጻፈ።

(አጭር የሙዚቃ መሸጋገሪያ።)

አቅራቢ፦ አሁን እርሳስ አንሱ። ያንኑ በአልጀብራ እንሠራዋለን።

የማናውቀውን ነገር በስም እንጥራው። የነጩ ጤፍ ኪሎ ኤክስ ይባል። ጻፉ፤ ነጭ፣ ኤክስ ኪሎ። የቀዩስ? እዚህ ላይ ብዙ ተማሪ ቸኩሎ «ዋይ» ይላል። ኃጢአት የለውም፤ ግን ሁለት የማይታወቅ ነገር ተሸክሞ መሄድ ነው። ጠቅላላው 50 እንደሆነ እኮ እናውቃለን! ከ50 ላይ ነጩን ካነሳን የሚቀረው ቀዩ ነው። ስለዚህ ቀይ፣ 50 ሲቀነስ ኤክስ።

ቀጥሎ የዛሬዋ ዋና ነጥብ ትመጣለች። ጻፏት፣ ከዚህ በኋላ ደጋግሜ እጠራታለሁ። «የገባው ሁሉ ውስጡ አለ።» ለነጩ የከፈልነው ብርና ለቀዩ የከፈልነው ብር ሲደመሩ የጆንያውን ጠቅላላ ዋጋ ይሆናሉ። ጤፉ ስለተደባለቀ ብር አይጠፋም፤ ብር አይወለድም።

ለነጩ፣ 160 ጊዜ ኤክስ። ለቀዩ፣ 120 ጊዜ፣ ቅንፍ ክፈቱ፣ 50 ሲቀነስ ኤክስ፣ ቅንፍ ዝጉ። ሁለቱ ተደምረው እኩል ይሆናሉ 6800። ቅንፉን አደራ!

ቅንፉን እንፍታው። 120 ጊዜ 50፣ 6000። 120 ጊዜ ኤክስ ደግሞ ይቀነሳል። 160 ኤክስ ነበረን፤ 120 ኤክስ ሲቀነስበት 40 ኤክስ ቀረ። እንግዲህ 40 ኤክስ ሲደመር 6000 እኩል ይሆናል 6800። 6000ውን ከሁለቱም ወገን እናንሳ። 40 ኤክስ እኩል ይሆናል 800። ኤክስ? (አጭር ዝምታ) 20።

እስቲ ቆም በሉ። 6000፣ 800፣ 40። እነዚህን ቁጥሮች ቅድም አላየናቸውም? 6000 ሁሉም ቀይ ቢሆን የሚከፈለው ነው። 800 የተረፈው ብር ነው። 40 የአንድ ኪሎ ልዩነት ነው። ነጋዴው በቃሉ የሄደበትን መንገድ አልጀብራው አንድ በአንድ ጻፈው። «40 ኤክስ እኩል ይሆናል 800» የሚለው መስመር ደረቅ ቀመር ሲመስላችሁ ነጋዴውን አስታውሱት፤ 40 ብር እየጨመረ ቀዩን በነጭ ሲተካ።

በነገራችን ላይ፣ በ9ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ባግዳድ ላይ ሆኖ የአልጀብራን መጽሐፍ የጻፈው አል ኸዋሪዝሚ፣ ሥራው ሰዎች ለውርስ፣ ለክፍፍልና ለንግድ ለሚያስፈልጋቸው ሒሳብ እንዲሆን ማሰቡን በመግቢያው ተናግሯል። በኤክስ አይጽፍም ነበር። እኩልታውን ሁሉ በቃላት ነበር የሚዘረዝረው። ዛሬ እኛ በሬዲዮ የምናደርገውም እሱኑ ነው፤ ሰሌዳ የለንማ!

መልሱን እንፈትን። 20 ኪሎ በ160፣ 3200 ብር። 30 ኪሎ በ120፣ 3600 ብር። ድምሩ 6800። የገባው ሁሉ ውስጡ አለ።

አንድ ወጥመድ እዚሁ ላሳያችሁ። «160 እና 120 ሲደባለቁ ኪሎው በአማካይ 140 ይሆናል» የሚል ሰው አለ። ትክክል የሚሆነው መቼ ነው? ከሁለቱም እኩል እኩል ሲገባ ብቻ፤ 25 በ25። የእትዬ ድብልቅ ኪሎው የወጣው በስንት ነው? 6800 ለ50 ሲካፈል፣ 136 ብር። ከ140 ወደ 120 ተስቧል፤ ቀዩ ስለበዛ።

ሌላም እንሞክር። እትዬ 8500 ብር ይዘው መጥተው «50 ኪሎ ደባልቀው ይስጡኝ፣ ብሩ ግን እንዳይተርፍ» ቢሉስ? ያንኑ እኩልታ ጻፉ። 40 ኤክስ እኩል ይሆናል 2500። ኤክስ 62 ተኩል! 50 ኪሎ በምትይዝ ጆንያ ውስጥ 62 ኪሎ ተኩል ነጭ ጤፍ፤ ቀዩ ደግሞ ከዜሮ በታች 12 ኪሎ ተኩል። ስሌቱ አልተሳሳተም። «ይህ አይሆንም» እያለን ነው። ኪሎው 170 ብር የሚያወጣ ድብልቅ ከ160 እና ከ120 እንዴት ይገኛል? ድብልቅ ሁልጊዜ በሁለቱ መካከል ነው፤ ከሁለቱም አይበልጥም፣ ከሁለቱም አያንስም።

(መሸጋገሪያ ሙዚቃ። ከዚያ የውሃ ድምፅ፤ ጀሪካን ሲሞላ።)

የጽዳት ሠራተኛ፦ ሲስተር፣ 2 ሊትር በረኪና ቀርቶናል። ውሃ ስንት ልጨምርበት?

ሲስተር፦ በረኪናው ባለ 5 በመቶ ነው። የምንፈልገው ደግሞ 0.5 በመቶ። 10 እጥፍ ይቅጠን ማለት ነው።

የጽዳት ሠራተኛ፦ ሁለት ሊትር ከሆነ፣ 10 እጥፉ 20። 20 ሊትር ውሃ ልጨምር?

(የውሃው ድምፅ ይቆማል።)

አቅራቢ፦ አድማጮች፣ ትጨምር? (ረዘም ያለ ዝምታ)

በጤና ተቋማት ወለልና ዕቃ ከጀርም ለማጽዳት የሚዘጋጀው የክሎሪን ውሃ ብዙውን ጊዜ 0.5 በመቶ ነው። ገበያ ላይ ያለው በረኪና ብርታቱ እንደየምርቱ ይለያያልና ጠርሙሱ ላይ የተጻፈውን ማንበብ ግድ ነው። የእኛው ባለ 5 በመቶ ይሁን።

መጀመሪያ ምን እንላለን? የገባው ሁሉ ውስጡ አለ። ግን ምኑ? ጤፉ ላይ የተከተልነው ብሩን ነበር። እዚህ የምንከተለው ክሎሪኑን ነው። ውሃው ይጨምራል፣ ጀሪካኑ ይሞላል፣ ቀለሙ ይሳሳል፤ ክሎሪኑ ግን ያው ነው።

5 በመቶ ማለት በአንድ ሊትር ውስጥ 50 ግራም ያህል ማለት ነው። በሁለት ሊትር? 100 ግራም። የምንጨምረው ውሃ ስንት ክሎሪን አለው? ለስሌታችን ዜሮ። ይህን ዜሮ ደብተራችሁ ላይ ጻፉት! የድብልቅ ጥያቄ ላይ ብዙ ተማሪ የሚደናገረው ውሃው ምን ቁጥር እንደሚሰጠው ሲጠፋበት ነው። ዜሮ ስጡት።

የሚጨመረው ውሃ ኤክስ ሊትር ይሁን። ጠቅላላው ኤክስ ሲደመር 2 ነው። 0.5 በመቶ ሲሆን በእያንዳንዱ ሊትር ውስጥ 5 ግራም ይኖራል። ስለዚህ 5 ጊዜ፣ በቅንፍ ኤክስ ሲደመር 2፣ እኩል ይሆናል 100። ለ5 አካፍሉ። ኤክስ ሲደመር 2፣ 20። ኤክስ፣ 18።

አያችሁ? 20 ሊትር የጠቅላላው መጠን ነው እንጂ የውሃው አይደለም። በረኪናው ራሱ 2 ሊትር ቦታ ይዟል። 1 እጅ በረኪና፣ 9 እጅ ውሃ፤ 10 እጅ ድብልቅ። 20 ሊትር የሚይዝ ጀሪካን ካለ ሥራው እንዲያውም ቀላል ነው፤ 2 ሊትሩን በረኪና መገልበጥና እስከ አፉ ውሃ መሙላት።

ሠራተኛዋ 20 ሊትር ውሃ ጨምራ ቢሆንስ? ጠቅላላው 22 ይሆን ነበር። 100 ግራም ለ22 ሊትር ሲከፋፈል ለእያንዳንዱ 4 ግራም ተኩል ገደማ ብቻ ይደርሰዋል። ከሚፈለገው በታች ነው፤ ደግሞ በዓይን አይታይም፣ በማሽተትም አይለይም።

ከሒሳቡ ወጣ ብዬ አንድ ነገር ላስጠንቅቅ። በረኪና የሚደባለቀው ከውሃ ጋር ብቻ ነው። ከአሲድ፣ ከአሞኒያ ወይም ከሌላ ማጽጃ ጋር ከተገናኘ መርዛማ ጋዝ ሊያወጣ ይችላል። ልጆች፣ ይህን ቤት ውስጥ አትሞክሩት፤ በወረቀት ይበቃናል።

(መሸጋገሪያ ሙዚቃ።)

አቅራቢ፦ ሦስተኛው ምሳሌያችን ብዙዎቻችን የምናስታውሰው ጊዜ ላይ ይወስደናል። የኮሮና ቫይረስ በአገራችን መገኘቱ የተነገረው መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም. ነበር። ወዲያው የእጅ ሳኒታይዘር ከመደርደሪያ ጠፋ። ያን ጊዜ የዓለም ጤና ድርጅት ሳኒታይዘርን በየአገሩ ለማዘጋጀት ያወጣው መመሪያ በእጅጉ ተፈላጊ ሆነ።

መመሪያው ባለ 96 በመቶ አልኮል ይዞ ይነሳል። የሚፈለገው 10 ሊትር ሳኒታይዘር ነው፤ የአልኮሉ መጠን 80 በመቶ የሆነ። ከባለ 96ቱ ስንት ሊትር ይግባ? እናንተ አውጡት። ዋናዋን ነጥብ አትርሱ። (ረዘም ያለ ዝምታ)

10 ሊትሩ ውስጥ 80 በመቶው አልኮል ይሁን ካልን፣ 8 ሊትር ንጹሕ አልኮል ያስፈልገናል። ይህ 8 ሊትር ከየት ይመጣል? ከባለ 96ቱ ብቻ፤ ሌላው ሁሉ ዜሮ ነው። ስለዚህ 0.96 ጊዜ ኤክስ እኩል ይሆናል 8። 8 ለ0.96 ሲካፈል፣ 8 ሊትር ከሲሶ። በሚሊ ሊትር 8333። መመሪያውን የከፈተ ሰው የሚያገኘው ቁጥር ይኸው ነው፤ 8333 ሚሊ ሊትር። ከየት እንደመጣ ለማያውቅ ሰው እንግዳ ቁጥር ነው። እናንተ ግን አሁን አወጣችሁት።

ከዚያ 417 ሚሊ ሊትር ሃይድሮጅን ፐርኦክሳይድ ይገባል፤ በዕቃው ውስጥ ሊኖር የሚችለውን የባክቴሪያ ስፖር እንዲገድል። 145 ሚሊ ሊትር ግሊሰሮልም ይጨመራል፤ እጅ እንዳይደርቅ። ቀሪው ውሃ ነው።

ቀሪው ስንት ነው ታዲያ? ደምሮ መቀነስ አይበቃም? 10000 ሲቀነስ ሦስቱ፣ 1105 ሚሊ ሊትር ይመጣል። መመሪያው ግን 1105 ሚሊ ሊትር ጨምሩ አይልም። «10 ሊትር የሚለው ምልክት ላይ እስኪደርስ ውሃ ሙሉ» ነው የሚለው። ለምን? እዚህ ጋ ጆሯችሁን ስጡኝ፤ ለእኔ የዛሬው ትምህርት ጣፋጩ ክፍል ይህ ነው።

50 ሚሊ ሊትር ውሃና 50 ሚሊ ሊትር ንጹሕ አልኮል በመለኪያ ሲሊንደር ውስጥ ብትደባልቁ ስንት ይሆናል? 100 አላችሁ አይደል? አይሆንም። 96 ወይም 97 ሚሊ ሊትር ገደማ ላይ ይቆማል።

«የገባው ሁሉ ውስጡ አለ ስትለን አልነበረም ወይ?» ትሉኛላችሁ። አለ! ሁለቱን ከመደባለቃችሁ በፊት በሚዛን መዝኗቸው፤ ከተደባለቁም በኋላ መዝኑ። ክብደቱ ያው ነው። የቀነሰው የያዙት ቦታ ነው። የውሃና የአልኮል ሞለኪውሎች አንድ ላይ ሲሆኑ ለየብቻቸው ከነበሩት ይልቅ ይጠጋጋሉ።

ስለዚህ እኩልታ ስትጽፉ የምትከተሉትን ነገር ምረጡ። ብር ይደመራል። ክብደት ይደመራል። ሊትር ግን ሁልጊዜ አይደመርም። የትምህርት ቤት መጻሕፍት «ሊትር ሲደመር ሊትር» ብለው ሲያልፉት ለማቅለል ነው፤ ለብዙው ነገር ልዩነቱ ትንሽ ስለሆነ ያስኬዳል። በረኪናችንም ላይ ያደረግነው እሱኑ ነው። አልኮል ላይ ግን አዋቂው «እስከ ምልክቱ ሙሉ» ይላል፤ የመጨረሻው መጠን 10 ሊትር መሆኑ ከተረጋገጠ፣ በውስጡ የገባው 8 ሊትር አልኮል በትክክል 80 በመቶ ይሆናልና።

(የመዝጊያ ሙዚቃ በዝግታ ይጀምራል፤ ከድምፁ ሥር ይቆያል።)

አቅራቢ፦ ሰዓታችን እየደረሰ ስለሆነ የቤት ሥራ ልስጣችሁ። ጻፉ።

አንዲት እኅት ከዓረብ አገር ስትመለስ 21 ካራት የሆነ የወርቅ ሐብል ይዛ መጣች። ሐብሉ 12 ግራም ይመዝናል። ወርቅ ሠሪ ዘንድ ወስዳ «አቅልጠህ 18 ካራት አድርገህ ሥራልኝ» አለችው። ወርቅ ሠሪው ስንት ግራም መዳብ ይጨምርበት?

ጥያቄውን ልድገመው። 12 ግራም፣ 21 ካራት። ወደ 18 ካራት ዝቅ ይበል። የሚጨመረው መዳብ ስንት ግራም?

ለመነሻ የሚሆን ልስጣችሁ። ንጹሕ ወርቅ 24 ካራት ነው። 21 ካራት ሲባል ከ24 እጅ 21 እጁ ወርቅ ነው፤ 18 ካራት ሲባል ደግሞ ከ24 እጅ 18 እጁ። መዳቡ ስንት ወርቅ አለው? እሱን እናንተው ታውቁታላችሁ። ከማስላታችሁ በፊትም ገምቱ፤ የሚጨመረው ከ12 ግራም ይበልጣል ወይስ ያንሳል?

ወላጆች፣ ልጃችሁ ሲሠራ አብራችሁት ተቀመጡ፤ ወርቅ ቤት ስትሄዱ ይጠቅማችኋል። መልሱን ከነአሠራሩ በሚቀጥለው ሳምንት በዚሁ ሰዓት እናወጣዋለን። ሐብሉ 12 ግራም ነው፣ አትርሱ።

(ሙዚቃው ከፍ ብሎ ይሰማና ዝግጅቱ ያበቃል።)